ሰውዬው በሚስስ ዊትፊልድ አፍ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ባለቤቴ አልማዝ «እንግዲህ እግርህን ዘርግተህ ተቀመጥ» አለችኝ። ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ሳምንት ሳይሞላ ሰለቸኝ። እጄ ሥራ ለምዷል፤ ሰው ሳያነሳ፣ ሰው ሳያጥብ፣ ሰው ሳያበላ ውሎ አያውቅም። ቤት ውስጥ የሚነሳ ሰው ሳጣ አልማዝን ከሶፋ ላይ በክንዷ ደግፌ ላስነሳት ስል «ኧረ ተወኝ፣ እኔ ገና አልደከምኩም» ብላ ተቆጣችኝ። ልጆቼም ይህን አይተው ነው መሰል «አባባ፣ ለምን የሥራህን ነገር አትጽፈውም?» ያሉኝ።

ምኑን ልጻፈው? የነርስ ኤይድ ሥራ ማለት አልጋ ማንጠፍ፣ ገላ ማጠብ፣ ልብስ መቀየር፣ ማብላት፣ ከዚያም እንደገና አልጋ ማንጠፍ ነው። ደሞዙ የሚወራለት ስላልነበረ አላወራለትም። ግን በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ፣ ሲያትል ከተማ ሴንትራል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር በነበረ አንድ የአረጋውያን ቤት ስሠራ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ዛሬም ሳስበው ይደንቀኛል። ከሞተ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው የእንግሊዞች ተውኔት ጸሐፊ፣ ንግግር በጠፋባቸው አንዲት አሮጊት አፍ ሲናገር ሰምቻለሁ። ምሁራኑ ይህን በመጽሐፍ ያውቁት ይሆናል። እኔ ያገኘሁት ምሳ ሳበላ ነው።

ሲያትል እንደገባሁ መጀመሪያ የያዝኩት ሥራ መሃል ከተማ ካለ ሆቴል ወጥ ቤት ሳህን ማጠብ ነበር። የእጄ ቆዳ መላጥ ሲጀምር፣ ጃክሰን መንገድ ላይ ሱቅ የነበረው አንድ የአገሬ ሰው «ሶ፣ ለምን ነርስ ኤይድ አትሆንም? ኮርሱ አጭር ነው፤ ነገ ኮል ላድርግልህ፣ እንግሊዝኛህ እንደሆነ ኦኬ ነው» አለኝ። ኦኬ ማለቱ አሥራ ሁለተኛን ስለጨረስኩ ነው። እንዲያውም አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የዚያን ተውኔት ጸሐፊ አንድ ገጽ ያህል ንግግር በቃሌ ይዤ ክፍል ፊት ቆሜ አነብንቤዋለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ግን እኔም አስተማሪዬም እርግጠኞች አልነበርንም። ለማንኛውም ኮርሱን ወሰድኩ፣ ወረቀቱን ያዝኩ፣ ቼሪ መንገድ አጠገብ ያለው የአረጋውያን ቤት ቀጠረኝ።

እዚያ ሥራ ያስተማሩኝ ሚስ ሎሬታ ናቸው። ተወልደው ያደጉት እዚያው ሰፈር ነው፤ ጥቁር አሜሪካዊት፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ከሥራ በፊት ሊፒስቲካቸውን ሳይቀቡ አዳራሽ የማይገቡ ሴት ነበሩ። ከእኔ በፊት ብዙ ዘመን ሠርተዋል። ነርሶቹ በማዕረግ ይበልጧቸዋል እንጂ ነገር ሲቸግር ሁሉም የሚጠራው እሳቸውን ነበር።

በመጀመሪያው ቀን በሩ ወለል ብሎ ወደተከፈተ የአንዲት አሮጊት ክፍል ዘው ልል ስል ክንዴን ይዘው መለሱኝ። የተከፈተውን በር አንኳኩ። «ሚስተር ደምሴ፣ በሩ ቢከፈትም ቤቱ የእሳቸው ነው» አሉኝ። ከዚያ እጃቸውን በሙቅ ውሃ አሞቁ፤ በቀዝቃዛ እጅ ሰው አይነኩም። ከመንካታቸውም በፊት እጃቸው ምን ሊያደርግ እንደሆነ ይናገራሉ፤ «አሁን ግራ ትከሻዎን ላነሳ ነው» ይላሉ። ሲያበሉ ቆመው አያበሉም፤ ወንበር ስበው ዓይን ለዓይን ይቀመጣሉ። ሁለት ሠራተኞች አልጋ እያነጠፉ የራሳቸውን ወሬ ከጀመሩ «ከሰው ጋር ነው የምናወራው እንጂ በሰው ላይ አናወራም» ይላሉ። ማንንም በመጀመሪያ ስሙ አይጠሩም። እኔም በአገሬ አንቱ የሚባል ነገር እንዳለ፣ ለትልቅ ሰው ግሡ ራሱ እንደሚለወጥ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና «እኛ ጋ ለዚያ ቃል የለንም፤ በድምፃችን ነው የምናደርገው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ሚስ ሎሬታ ሚስስ ብለው ሲጠሩ አንቱታው በደንብ ይሰማ ነበር።

ሚስስ ዊትፊልድ የመጡልን በመከር ነው። ዕድሜያቸው ሰማንያ አልፏል። ስትሮክ ቀኝ እጅና እግራቸውን ይዞባቸው፣ ንግግራቸውንም ወስዶት ነበር። ውሃ ማለት አይችሉም። የአንድያ ልጃቸውን ስም መጥራት አይችሉም። ሊናገሩ ሲሞክሩ ምላሳቸው ይታገልና የማይገባ ድምፅ ይወጣል፣ ከዚያ በግራ እጃቸው ብርድ ልብሱን ይመታሉ። ታዲያ በመሃል በመሃሉ አንድ ሙሉ አባባል ከአፋቸው ዱብ ይላል፤ ንጹሕ፣ አንዲት ፊደል ሳትጎድል፣ እንደ አስተማሪ ጥርት ባለ ድምፅ። ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ «በቀቀኗ» ይሏቸው ጀመር። ሚስ ሎሬታ ይህን የሰሙ ዕለት ያንን ቃል ሁለተኛ ማንም አላነሳውም።

ሐኪሙ ወጣት ግን ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። ስጠይቀው አስረዳኝ። አዲስ ዓረፍተ ነገር የምንሠራበት የአንጎል ክፍል ሲጎዳ፣ ተደጋግመው እንደ አንድ ዕቃ የተቀመጡ ነገሮች ሊተርፉ ይችላሉ፤ ጸሎት፣ ዘፈን፣ ሰላምታ፣ ስድብም ጭምር። እኔ ይህ አልገረመኝም። ጉለሌ ሳለን ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ቄስ በእርጅናቸው ልጆቻቸውን ረስተው፣ ዳዊቱን ግን አንዲት ቃል ሳይጥሉ ይደግሙት ነበር። የገረመኝ የሚስስ ዊትፊልድ ነገር ጸሎት አለመሆኑ ነው። «ይህ ሁሉ የማን ቃል ነው?» አልኳቸው ሚስ ሎሬታን።

«የሰውዬው» አሉኝ።

ለካስ ሚስ ሎሬታ የሚስስ ዊትፊልድ ተማሪ ነበሩ። እዚያው ሰፈር ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሚስስ ዊትፊልድ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ከሁሉ አብልጠው ያስተማሩት ደግሞ የዚያን ተውኔት ጸሐፊ ሥራ ነው። በስሙ አይጠሩትም ነበር፤ ጎረቤት የሚኖር ይመስል «ሰውዬው» ነበር የሚሉት። ተማሪዎቹን «ሰውዬውን አላውቀውም የምትሉ ሁሉ ዛሬ ጠዋት ከእናታችሁ ጋር ስታወሩ በእሱ አፍ ነው ያወራችሁት» ይሏቸው ነበር አሉ።

ከዚያ ሚስ ሎሬታ ልብስ እያጣጠፉ ይቆጥሩልኝ ጀመር። አንድ ሰው ድንገት ሲሰወር እንግሊዝኛ ተናጋሪው በስስ አየር ውስጥ ጠፋ ይላል፤ የሰውዬው ነው። ደግ ሰው የወርቅ ልብ አለው ይባላል፤ የሰውዬው ነው። ቅናትን ዓይነ አረንጓዴ አውሬ ማለት፣ የማይያዝ ነገር ፍለጋ መንከራተትን የዱር ዝይ ማባረር ማለት፣ እንግዳ ከእንግዳ ጋር ጨዋታ ሲጀምር በረዶው ተሰበረ ማለት፣ ሁሉም የተገኘው እሱ ጋ ነው። «ብቸኝነት የሚሰማው ሰው የሚባልበት ቃል እንኳ መጀመሪያ የተጻፈው በእሱ እጅ ነው ይሉን ነበር» አሉ። ያንን ሲሉ አዳራሹን አየሁት። በየተሽከርካሪ ወንበሩ መስኮት መስኮቱን የሚያይ ሰው ተደርድሯል። የዚያ ቤት ዋና በሽታ ስም ለካ ከአንድ ሰው ብዕር ነው የወጣው።

«ከእሱ በፊት ታዲያ ምን ይሉት ነበር?» አልኳቸው።

«ብቻቸውን ነበሩ፤ የሚሉት ግን አልነበራቸውም» አሉ ሚስ ሎሬታ።

ሁሉንም ከራሱ ያመነጨው እንዳልሆነም ነግረውኛል። ገሚሱን እሱ ፈጠረው፣ ገሚሱን ከመንገድና ከጠጅ ቤት ሰምቶ መጀመሪያ ጻፈው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። ስም የነበረውን ቃል ገልብጦ ግሥ ያደርጋል፣ በቃሉ ፊት ቅጥያ ይቀጥላል፣ ሁለት ቃል አጋብቶ አንድ ያደርጋል፤ ቃል ባነሰው ጊዜ ዝም አይልም። እኔም «እኛም እኮ እዚህ መጥተን ፓርክ አደረግኩ፣ ሚስ አደረግኩ እንላለን» አልኳቸው። ሚስ ሎሬታ በጣም ሳቁና «ሚስስ ዊትፊልድ መናገር ቢችሉ ማርክ ይሰጧችሁ ነበር» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ጆሮዬ ሥራ በዛበት። አውቶቡስ ስሳፈር ሹፌሩ ከተሳፋሪ ጋር ሲቀልድ ሰውዬው አለ። ሬዲዮ ላይ የቤዝቦል ጨዋታ የሚያስተላልፈው ሰው አለፋፈፍ ውስጥ ሰውዬው አለ። ፖሊሱ፣ የቤት አከራዬ፣ የሰፈሩ ፓስተር ሁሉ ሳያውቁት የእሱን እየቆረሱ ነው የሚበሉት። በአማርኛ ተረትና ምሳሌ ባለቤት የለውም፤ አበው አሉ እንላለን እንጂ ማን እንዳለው አናውቅም። ከእነዚህ ሰዎች አበው ግን አንዱ ስምና አድራሻ አለው። አንድ ሰው እንዴት ለአንድ ሕዝብ ሁሉ አበው ይሆናል? ይህንን አውቶቡስ ውስጥ እያሰብኩ ስንት ጊዜ መውረጃዬን አልፌያለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ።

ሚስስ ዊትፊልድ ጉሮሯቸውም ደክሞ ስለነበር የሚበሉት የተፈጨ ነገር ነበር። አዋዋጥ የምታስተምር ባለሙያ መጥታ አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ዝቅ አድርገው በትንሽ በትንሹ እንዲጎርሱ፣ እያንዳንዱን ጉርሻ ሁለት ጊዜ እንዲውጡ አሳይታቸዋለች። ይግባቸው አይግባቸው ግን እርግጠኛ የሆነ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ምሳ ላይ የተፈጨ ኮክ እያበላኋቸው በደስታ በሉልኝ። ደስ አለኝ። መጨረሻው አካባቢ ከእነዚያ አባባሎች አንዱ ወጣቸው፤ የእኛ ሰው ማርም ሲበዛ ይመራል እንደሚለው ያለ ነው። ግራ እጃቸውንም ትንሽ ከፍ አደረጉ።

እንግዲህ እኔ ያደግኩበትን ቤት አስቡት። እንግዳ መጀመሪያ ሲቀርብለት እምቢ ይላል፤ ወጉ ነው። ሁለተኛም እምቢ ይላል። በመጀመሪያው እምቢታ ሰሃኑን የሚያነሳ ባለቤት ንፉግ ይባላል። የእኔ እናት እንግዳ በቃኝ ባለ ቁጥር «በሞቴ» እያለች የምታጎርስ ሴት ነበረች። ስለዚህ ሚስስ ዊትፊልድ ያንን ሲሉ እኔ የሰማሁት የጨዋ ሰው ይሉኝታ ነው። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» አልኩ በአማርኛ፤ ማንኪያውንም ሞልቼ አቀረብኩ። አፋቸውን ከፈቱልኝ። ከዚያ ትን አላቸው።

ፊታቸው ሲጠቁር፣ ከንፈራቸው ሲለወጥ አየሁ። ሚስ ሎሬታ ከየት እንደመጡ አላውቅም፤ ጎንበስ አድርገው ጀርባቸውን ሲመቱ፣ ነርሷ በማሽን ጉሮሯቸውን ስትጠርግ እኔ ማንኪያውን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። አምቡላንስ ወሰዳቸው። ምግቡ ወደ ሳንባቸው ገብቶ ሳንባ ምች ሆነባቸው። ሆስፒታል በተኙባቸው ሳምንታት ለእኔ ምግብ ገለባ ገለባ ነበር የሚለኝ። አልማዝ «ሰው ስለመገብክ ነው እንዴ እንዲህ የምትሆነው? ፖይዘን አላደረግካቸው» ትለኝ ነበር። ተቆጪም አልነበረኝም፤ የሆነውን ሁሉ ያኔውኑ ለነርሷ ነግሬያታለሁ። ግን ልቤ አላረፈም።

ተሽሏቸው የተመለሱ ዕለት በራቸውን አንኳኩቼ ገባሁ። እንደ ጥፋተኛ ተማሪ እግራቸው ሥር ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ዞረው አዩኝ። ከሲታ ሆነዋል፣ ዓይናቸው ግን ያው ነው። ከዚያ አንድ አባባል ከአፋቸው ወጣ፣ የሚሠራው የከንፈራቸው ግማሽም ፈገግ አለ። እኔ ያንን አባባል ሰምቼው አላውቅም ነበር። እየደጋገምኩ በአፌ ይዤው ሚስ ሎሬታ ወዳሉበት የአንሶላ ክፍል ሮጥኩ።

ስነግራቸው መደርደሪያውን ይዘው ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ እንባቸው መጣ። «ትርጉሙ ሰውን በደግነት ብዛት መግደል ማለት ነው» አሉኝ።

እኔም ሳቅኩ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቄ ጠፋ። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነበር። ሚስስ ዊትፊልድ ከሰውዬው ጎተራ ያገኙትን እየዘገኑ አልነበረም፤ እየመረጡ ነበር። የዚያን ዕለትም ኮኩን በቃኝ ማለታቸው ነበር። የራሳቸው ቃል ሲጠፋባቸው የሰውዬውን ቃል እንደ ከዘራ ተደግፈው እየተራመዱ ኖረዋል፣ እኛ ደግሞ ከዘራውን ብቻ እያየን ነበር። «በቀቀን እንዲህ አይቀልድም» አሉ ሚስ ሎሬታ።

ነገሩ ግን እኛ ዘንድ የሚያልቅ አልነበረም። ልጃቸው ሮበርት ከካሊፎርኒያ መጣ። ፀጉሩ የሸበተ፣ ትሑት ሰው ነው፤ ከአውሮፕላን እንደወረደ የእናቱን እጅ ይዞ አልለቀቀም። ሐኪሙ ጠርቶን በትንሿ ክፍል ተቀመጥን። ሁለተኛ ትን ካላቸው እንደማይተርፉ ነገረን። የአዋዋጡን ሥርዓት ተረድተው መከተል እስካልቻሉ ድረስ ደግሞ በአፋቸው መብላት የለባቸውም፤ ሆዳቸው ተበስቶ የምግብ ቱቦ ይገባላቸዋል፣ ከዚያ በኋላ ቀሪ ዘመናቸውን በአፋቸው ምንም አይቀምሱም። ሮበርት እናቱ የሚሰሙ የሚገነዘቡ አይመስለውም ነበር። «እኔን እንኳ በስሜ አልጠራችኝም» አለ። ለመፈረም ተዘጋጅቷል።

ሚስ ሎሬታ ስለ አባባሎቹ ተናገሩ። ሐኪሙ አላጣጣለውም። «አንዴ የገጠመ ቃል ዕድል ሊሆን ይችላል። ትእዛዝ ሲከተሉ ልይ» አለ። አብረን ወደ ክፍላቸው ሄድን። ጎንበስ አለና ጮክ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ረገጥ ረገጥ አድርጎ «ማርጋሬት፣ አገጭሽን ዝቅ አድርጊ» አላቸው። ሚስስ ዊትፊልድ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ደጋግሞ ጠየቃቸው። መስኮቱን እያዩ ቀሩ።

ኮሪደር ላይ ስንወጣ የሮበርት ዓይን ቀልቷል። ሐኪሙም ደስ አላለውም። ሚስ ሎሬታ በዚያ በሚስስ ብለው በሚጠሩበት ድምፅ «ዶክተር፣ ነገ ምሳ ላይ ይምጡ። እርስዎ ምንም አይጠይቁ፤ ተቀምጠው ይዩ» አሉት። እሺ አለ። ምን ሊያሳዩት እንደሆነ ግን እሳቸውም አያውቁም ነበር፤ ኋላ ነው የነገሩኝ።

ያን ዕለት ማታ ወደ ቤት ስሄድ ትዝ ያሉኝ የኔታ ናቸው። ልጅ ሳለሁ ጉለሌ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ፊደልና ዳዊት ያስቆጠሩኝ። የኔታ ተማሪው ሲያነብ ግድግዳ ተደግፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የተኙ ይመስላል። አንዲት ፊደል ብትስት ግን መቋሚያቸው መሬቱን ይመታል። አስተማሪ ትእዛዝ አይቀበልም፤ ስህተት ግን አያልፍም። በማግስቱ ይህን ለሚስ ሎሬታ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «ሚስስ ዊትፊልድም እንደዚያው ነበሩ። ወደ መስኮቱ እያዩ ነበር የሚያዳምጡን፤ አንድ ቃል ስንስት በጣታቸው አጥንት ጠረጴዛውን ይመቱታል» አሉ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሐኪሙና ሮበርት ጥግ ይዘው ተቀመጡ። እኔ አንኳኩቼ ገባሁ። ትንሹን በርጩማ ስቤ ከሚስስ ዊትፊልድ ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ። «ሚስስ ዊትፊልድ፣ የሰውዬውን ንግግር በልጅነቴ ተምሬ ነበር። ልክ መሆኑን ይስሙልኝ» አልኳቸው። ያንን የአሥራ አንደኛ ክፍል ሽምደዳዬን ጀመርኩ። ወደ መስኮቱ እያዩ ነበር። ሆን ብዬ መሳት አላስፈለገኝም፤ አራተኛው መስመር ላይ በራሴ ሳትኩ። የጣታቸው አጥንት ትሪውን ኳ አደረገው። ፊታቸውን ወደ እኔ መልሰው የሳትኩትን መስመር ሙሉውን አሉት። ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው። ከኋላዬ ሮበርት ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁ።

ሐኪሙ ግን ገና አላመነም ነበር፤ እሱ ያስረዳኝ ነገር አይደል፣ ይህ በቃል የተያዘ ነው። ስለዚህ ከትሪው ላይ ፑዲንግ የሚሉትን ልስልስ ጣፋጭ አነሳሁ። ለእሳቸው አላቀረብኩም። «አዋዋጥም ተምሬ ነበር» አልኩና ራሴ ጎርሼ፣ ጠርሙስ እንደሚጨልጥ ሰው አገጬን ወደ ጣሪያው ቀስሬ ዋጥኩ።

ኳ አደረጉ።

ያልገባኝ መስዬ እንደገና ጎረስኩ፣ እንደገና ቀሰርኩ። አሁን ትሪው ላይ ያለው ብርጭቆ እስኪዘል ድረስ መቱት። ቃል ፈለጉ፤ ከንፈራቸው ታገለ፣ የሰውዬውም ጎተራ ለዚህ የሚሆን አልነበረውም። ከዚያ ግራ እጃቸውን ዘርግተው አገጬን ያዙ። ወደ ደረቴ ተጫኑት፣ እስክውጥ ድረስም ይዘውት ቆዩ። ስውጥ ለቀቁኝና ሁለት ጣታቸውን ፊቴ ላይ አቆሙ፤ ሁለት ጊዜ ማለታቸው ነው። ደግሜ ዋጥኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ማንኪያውን ከእጄ ወሰዱና አገጫቸውን ዝቅ አድርገው ትንሽ ጎረሱ። አንዴ ዋጡ። ደግመው ዋጡ።

ሐኪሙ ተነስቶ መጣ፤ መነጽሩን አውልቆ እጁ ላይ ይዞታል። ከእኔ ጎን ዝቅ አለና በለሆሳስ «ሚስስ ዊትፊልድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላቸው። ወደ ሮበርት ዞሮ ደግሞ «ቱቦው ይቅር» አለው። ሮበርት «እማዬ» ብሎ ተንበረከከ። ሚስስ ዊትፊልድ ስሙን ሊጠሩ ሞከሩ። ስሙ አልመጣም። ጉንጩን በግራ እጃቸው ይዘው፣ የሰውዬውን ያንን «የወርቅ ልብ» ሰጡት። ሮበርት እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ ሚስ ሎሬታ ሊፒስቲካቸው እስኪበላሽ አለቀሱ፣ እኔስ ምን ቀረኝ።

ያንን ክፍል እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሰው ሲሞት ቃሉ ይቀራል ሲባል እሰማ ነበር። አንድ ሰው ለጨዋታ መድረክ የጻፈው ቃል፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ትውልድ ተሻግሮ፣ የራሷ ቃል ለጠፋባት እናት ለልጇ የምትሰጠው ሆኖ ሲጠብቅ ያየሁት ግን ያኔ ብቻ ነው። ምን ዓይነት ሰው ነበር? ቃሉን ሲያስቀምጥ ማን እንደሚያነሳው ምን ያውቃል?

ሚስስ ዊትፊልድ በሚቀጥለው ዓመት ጸደይ ላይ በእንቅልፋቸው እስኪያርፉ ድረስ በአፋቸው በሉ። እኔም በየምሳው በርጩማዬን ይዤ ተማሪ ሆንኩ። የጎረሱትን ሲጨርሱ እንግሊዝኛዬን ያርማሉ፤ አሳሳቴ ሲያናድዳቸው ኳ ያደርጋሉ። ያንን የማሩን አባባል በተናገሩ ቁጥር ማንኪያው ወዲያው ትሪው ላይ ይቀመጣል። በቀብራቸው ላይ ሚስ ሎሬታ እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው ቆመው ከሰውዬው አንድ ገጽ በቃላቸው አሉት፣ አንዲት ቃል አልሳቱም።

ከዚያ በኋላ ሆስፒታል ሠርቻለሁ፣ ስካይዌይ በሚባለው ሰፈር በየሰው ቤት እየዞርኩ ሠርቻለሁ። ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ኬንት ቤት ረከስ ስላለ ወደዚህ ከመጣን በኋላም ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ከአገራችን ለሚመጡ አዳዲስ ልጆች ሥራ ሳሳይ የተከፈተውን በር እንዲያንኳኩ፣ እጃቸውን እንዲያሞቁ እነግራቸዋለሁ። በመጨረሻም «በአገራችን የመጀመሪያው እምቢታ ወግ ነው፤ እዚህ ቃል ነው» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እኔ አልስቅም።

ባለፈው እሑድ ስምንት ዓመት የሆናት የልጅ ልጄ ሄለን እኛ ጋ ዋለች። ጡረታ አይደል፣ የማበላው ሰው ሳገኝ እጄ ተፍታታ። ሩዙን በማንኪያ እያቀረብኩ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እላታለሁ። በአማርኛ ሳወራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። ያንኑ የማሩን አባባል፣ ቃል በቃል፣ እጇን ትንሽ ከፍ አድርጋ አለችኝ። ከትምህርት ቤት ትስማው ከቴሌቪዥን አላውቅም። የማን እንደሆነ እሷም አታውቅም።

ማንኪያውን አስቀመጥኩ።

«ምነው ተውካት? ገና መች በላች?» አለች አልማዝ።

«ሚስስ ዊትፊልድ በቃኝ ብለዋል» አልኳት።